ሦስተኛው ሳጥን

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ወንዙ አረፋ ሲተፋ፣
ከፋብሪካው አጥር ሥር ጎመን ቅጠሉን ሲያሰፋ፣
ታክሲ እጠብቃለሁ።
ሥራዬ አይጥ መቀለብ ነው።
ሰው ሲጠይቀኝ «ቤተ ሙከራ» ብዬ አልፋለሁ።

ሦስት ሳጥን አሉኝ፤ በሦስት ቀለም ምልክት፤
አንደኛው ንጹሕ ውኃ፣
ሁለተኛው እርሳስ ያለበት፣
ሦስተኛው ያንኑ እርሳስ ጠጥቶ፣
ማታ ማታ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ፣
ከጥቁር አዝሙድ የተጨመቀ ዘይት ጠብ የሚልለት።

«ጣፊያ የደም ዘበኛ ነው» ትለኛለች ዶክተር ስንዱ፣ ድምፅዋ እንደ ጓንቷ ስስ፤
«እርሳስ ሲገባ ዘበኛው በር ላይ እንደ ቆመ ያንቀላፋል፣
ወይም ይሞታል፣ ቀስ በቀስ።»
ዘይቱ ሲገባስ? አልኳት።
«እሱን ነው የምንጠይቀው» አለች፣ መዝገቧን ገልጣ፣
«ስምንት ሳምንት ጠብቀን፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ።»

እኔ ግን ሳጥን ሳጸዳ የማስበው ሌላ ነው።
ወንድሜ ለሜሳ፣ ቃሊቲ ጓሮ፣ አሮጌ ባትሪ ይሰብራል፤
አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ፣ ሆዱን በብረት ድስት ያቀልጣል።
የቀለጠው ብር ይመስላል።
ብርም ነው፤ በኪሎ ይሸጣል።
ማታ ሲስቅ ድዱ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ፣
በደብተር ላይ እንደ ተሰመረ ቀጥ ያለ።
ጉንፋን ከያዘው አይለቀው፤ ቁስሉም ቶሎ አይደርቅ፤
«የአቃቂ አየር ነው» ይላል።
አየሩ ምን ያውቅ?

ስምንተኛው ሳምንት ሞላ።
ማን ያዛቸው አትበሉኝ፤ የያዛቸው የኔው እጅ ነው።
የአንደኛው ጣፊያ ቀይ፣ እንደ በርበሬ ዛላ የሞላ።
የሁለተኛው ያው ዛላ፣ ዝናብ የራቀው፣ ጠውልጎ የላላ።
የሦስተኛው—
ሁለታችንም ጎንበስ አልን—
እንደ አንደኛው አይደለም።
እንደ ሁለተኛውም አይደለም።
ስንዱ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየች፤
ከዚያ የእርሳስን ጉዳት በእርሳስ ጻፈች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ገላን መታጠፊያ ወረድኩ፤
ከአቶ ገመቹ መጭመቂያ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ዘይት ገዛሁ።
ስንዱ ጠርጥራ ኖሮ አስጠንቅቃኝ ነበር፦
«ያየሽው አይጥ ነው፤ ሰው ላይ ገና ነን።
መጀመሪያ ከጭሱ አውጪው።»
አውቃለሁ። ግን ጭሱ ደሞዝ አለው፤
ዘይቱ ማንኪያ ብቻ።

ለሜሳ ጨለጠው፤ ፊቱን አጨማደደ፤ «ይመራል» አለ፤ ሳቀ።
ነገስ? አልኩት።
«ነገ አርባ ባትሪ ይመጣል» አለ፤ ሳቁ አለቀ።

ልጁ ቦንቱ ሁለተኛ ክፍል ናት።
የቤት ሥራዋ ላይ ተደፍታ፣
የእርሳሷን ጫፍ ጥርሷ ላይ አጥብቃ፣
«አባዬ፣ አንተ የምታቀልጠው ይሄንን ነው?»
እርሳሱን ከአፏ ሊያወጣ እጁን ሰደደ።
መንገድ ላይ እጁን አየው፤
በየጥፍሩ ሥር የተኛውን ግራጫ አየው፤
ሳይነካት መለሰው።
«አይ፣ ያንቺ ሌላ ነው» አላት።
እውነቱን ነው፤ ስሙ ብቻ ነው አንድ።
ከዚያ ደጅ ወጣ። ቧንቧው ሲፈስ፣ ሳሙናው ሲያንሸራትት፣
በላስቲክ ጀሪካን ላይ ውኃው ሲንጣጣ፣
እንቅልፍ እስኪወስደኝ ሰማሁ።

የሳጥኖቼ በር በውጭ ነው የሚከፈት፤
የቤታችን መቀርቀሪያ ግን በውስጥ በኩል ነው ያለ።
በአሥራ ሁለት ሰዓት ተንቋቋ።
ስነሣ ማንኪያው ታጥቦ ተደፍቷል፤
ጫማው የለም።
በጠርሙሱ ወረቀት ላይ፣ በቦንቱ እርሳስ፣
የቀረውን ዘይት ልክ
በቀጭን መስመር
አስምሮ ሄዷል።